ልጄ ነጭ ጋዋን ስታይ ትንቀጠቀጣለች፣ ምን ይሻላል?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሴት ልጄ 3 ዓመት ተኩል ሆኗታል። ከቤት ስንወጣ ደህና ናት። ክሊኒኩ በር ላይ ስንደርስ ግን አንገቴ ላይ ትጠመጠምና መላቀቅ የለም። ጆሮዋን ለማየት እንኳ ሁለት ሰው ሊይዛት ይገባል። ድሮ እንዲህ አልነበረችም፣ ጉሮሮዋን ታማ በተከታታይ ከተወጋች በኋላ ነው የጀመራት። አሁን የክትባት ቀጠሮ አላት። አማቴ "አትንገሪያት፣ ሽርሽር ነው ብለሽ ውሰጃት" ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ "ጥብቅ አድርገን ይዘን እናስጨርስ፣ ስታድግ ይለቃታል" ባይ ነው። እኔ ሁለቱም አልተዋጠልኝም። በዚህ ያለፋችሁ ምን አደረጋችሁ? ደግሞስ ከስንት ቀን በፊት ነው የሚነገራቸው?

የመንታዎች እናት፦
አይዞሽ እህቴ። በዚህ ዕድሜ መፍራት ያለ ነው፣ ልጅሽ ምንም አልሆነችም። ግን እባክሽ ሽርሽር ነው ብለሽ እንዳትወስጃት። አንዴ ከተታለለች የእውነት ሽርሽር ስትሄዱም በየመንገዱ "ወዴት ነው?" እያለች ስትጨነቅ ነው የምትውለው። "አያምም"ም አትበያት፣ ምክንያቱም ያማል፣ መርፌው ሲገባ ደግሞ እሷው ታውቀዋለች። "ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግሻል፣ ቶሎ ያልቃል፣ እኔ አቅፌሻለሁ" በቂ ነው።

ሌላው፣ እኔን ሁሌ የሚያናድደኝ ነገር፦ ቤት ውስጥ "አርፈሽ ካልተቀመጥሽ መርፌ አስወጋሻለሁ" የሚላት ሰው ካለ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። አያትም ትሁን ሞግዚት፣ ጎረቤትም ቢሆን። ስታጠፋ በሐኪም የሚያስፈራሯት ልጅ፣ አሟት እዚያው ሲወስዷት ቅጣት ቢመስላት ምን ይገርማል? ምን አጠፋሁ ብላ ነው የምታለቅሰው። ቀላል ነገር ይመስላል እንጂ ልጆቹ ላይ የሚተወው ፍርሃት ቀላል አይደለም።

ነርስ ነኝ (ሕፃናት ክፍል)፦
ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ ከሥራው በኩል ልጨምር። ባለቤትሽ ያለው ነገር ያሳስበኛል። ልጅን አልጋ ላይ አጋድሞ በኃይል መያዝ ፍርሃቱን ያባብሰዋል፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮም ያከብደዋል። ጭንሽ ላይ ቁጭ አድርጊያት፣ ደረቷን ደረትሽ ላይ፣ እግሮቿ በወገብሽ ግራና ቀኝ። በአንድ እጅሽ የማትወጋበትን ክንድ ያዢ፣ በሌላው እቀፊያት። እንደዚህ ስትሆን እንቅስቃሴዋ ይቀንሳል፣ ለእሷ ግን መታቀፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በፈረንጆቹ 2015 በክትባት ጊዜ ሕመምን ስለመቀነስ ባወጣው ምክር ትንንሽ ልጆች በአሳዳጊያቸው ታቅፈው እንዲከተቡ፣ የሚጠቡ ሕፃናት እየጠቡ ቢወጉ እንደሚሻል፣ ከአንድ በላይ ክትባት ካለ ደግሞ የበለጠ የሚያመው መጨረሻ ላይ እንዲሆን ይላል። ይህን ለባለሙያው ለመጠየቅ አትፈሪ፣ መብትሽ ነው።

መቼ ይነገራት ላልሽው፣ በእሷ ዕድሜ ከአንድ ቀን በፊት ወይም በዕለቱ ጠዋት ይበቃል። ቀደም ብለሽ ከነገርሻት ስትጨነቅ ትሰነብታለች። 6 እና 7 ዓመት የሞላቸው ግን ጥቂት ቀን ቀድመው ቢያውቁ ጥሩ ነው፣ የሚጠይቁት ብዙ ነገር አላቸው።

ምርጫ ስጫት፣ ግን የእውነት ምርጫ። "እንወጋ ወይ?" ብለሽ አትጠይቂያት፣ እምቢ ካለች ምን ልትመልሺላት ነው? "በግራ ወይስ በቀኝ ክንድሽ?" "ታያለሽ ወይስ እኔን ታያለሽ?" ይሻላል። መርፌው ሲገባ የሳሙና አረፋ ብትነፋ ትንፋሿም ይረጋጋል፣ ሐሳቧም ይከፈላል። "አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ ይቅርታ የኔ ልጅ" እያሉ መደጋገም ግን ብዙ ልጆችን ይበልጥ ያስደነግጣል፣ የሚያስፈራ ነገር ባይኖር እናቴ እንዲህ ባላለች ይላሉ። ስለ ሌላ ነገር አውሪያት።

አንድ አባት፦
እኛን የጠቀመን ጨዋታ ነው። የአሻንጉሊት ማዳመጫ ገዛንና ልጃችን ሐኪም ሆነ፣ እኛ ታማሚ። ድቡን ይወጋዋል፣ ፕላስተር ይለጥፍለታል፣ "አለቀ፣ ጎበዝ" ይለዋል። ልጆች እነሱ ላይ የሚደረገውን ነገር እነሱ ሲያደርጉት ይቀላቸዋል። ድቡን ይዘነው ሄድን፣ ሐኪሟም በፈቃዷ መጀመሪያ የድቡን ልብ አዳመጠች፣ ከዚያ የኔን፣ መጨረሻ ላይ የእሱን። ያለ ክትባትና ያለ ሕመም ለሰላምታ ብቻ ብቅ ማለት ከተቻለም ይሞከር።

ሽልማት ላይ ግን "ካላለቀስሽ እገዛልሻለሁ" እንዳትሏት። ማልቀስ ጥፋት አይደለም። ስትመለሱ "ክንድሽን ሳታንቀሳቅሺ ያዝሽ፣ አረፋውንም ነፋሽ" ብላችሁ የቻለችውን አስታውሷት። ለቀጣዩ የምትይዘው ትዝታ እሱ ነው።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩልኝ። ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ አቀማመጡን እሱ ሊለማመድ ነው፣ እሷ ከእሱ ጋር ትረጋጋለች። ሲስተር፣ የሚያደነዝዝ ቅባት አለ ይባላል፣ ለክትባት ይሆናል?

ነርስ ነኝ (ሕፃናት ክፍል)፦
ይሆናል፣ ግን በራስሽ ገዝተሽ አትቀቢያት። መጠኑ በዕድሜና በክብደት ይወሰናል፣ ቦታውንም ባለሙያ ማሳየት አለበት። አብዛኛው ለመሥራት አንድ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ከቀጠሮው ቀን በፊት ደውለሽ ጠይቂ። አባቷ ቢይዛት በጣም ጥሩ፣ አንቺ ደግሞ ፊት ለፊቷ ሆነሽ አረፋውን ያዢላት። ይህ ሁሉ ተደርጎም በየጊዜው እየባሰባት ከሄደ፣ ወይም ቀጠሮ ሲቃረብ እንቅልፍ የሚነሳት ከሆነ፣ ለሕፃናት ሐኪሟ ንገሪ። በዚህ ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ፣ በትንሽነቷ መታየቱ ይጠቅማታል።