ኢንላንድ ኢምፓየር በአስር አመት ውስጥ እንዲህ የወጣውና የወረደው ለምንድነው?

ዳርቻ_ተመልካች፦
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ፣ ስለ ኢንላንድ ኢምፓየር እያነበብኩ ነበር፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሎስ አንጀለስ በስተምስራቅ ያሉት ሪቨርሳይድና ሳን በርናርዲኖ ካውንቲዎች ማለት ነው (አመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። በ2000 ሕዝቡ 3.2 ሚሊዮን ገደማ ነበር፣ በ2010 4.2 ሚሊዮን ሆነ፣ በአስር አመት አንድ ሚሊዮን ሰው ተጨመረበት እኮ። ግን በዛችው 2010 ሥራ አጥነቱ ከ14 በመቶ በላይ ነበር። ያልገባኝ ነገር ሰው እየጎረፈበት ያለ ቦታ እንዴት እንዲህ ይወድቃል? የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ የመላው አሜሪካ ነበር ትሉኝ ይሆናል፣ እሺ፣ ግን ሎስ አንጀለስ ራሷ ላይ እንደዛ አልከፋም። ዳር ያለው ለምን ይበልጥ ይመታል? የሚያውቅ ሰው ረጋ ብሎ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ሞርጌጅ_ነገር፦
ወንድሜ የሰው መጉረፍ እኮ ራሱ ነበር የአካባቢው ዋና ሥራ። ብዙው ሰው ወደዛ የገባው ቤት ስለረከሰለት ነው፣ እንጀራው ያለው ሎስ አንጀለስና ኦሬንጅ ካውንቲ ነው፣ ሌሊት ተነስቶ ይነዳል ማታ ይመለሳል። እዛው አካባቢ የሚሠራው ማነው ካልክ ደግሞ ለሚመጣው ሰው ቤት የሚገነባው ነው፣ አናጢው፣ ኤሌክትሪሻኑ፣ ሞርጌጅ (የቤት ብድር) የሚያስፈርመው፣ የሪልስቴት ኤጀንቱ፣ ሶፋና ፍሪጅ ሻጩ። አዲስ ሰው እስከመጣ ድረስ ሁሉም ይበላል፣ መምጣቱ ቀጥ ያለ ጊዜ ግን ሁሉም ባንዴ ቤቱ ይቀመጣል፣ ቤት የሚቀመጠው ሰው ደግሞ ራሱ ሞርጌጅ አለበት።

ወለዱን ጨምርበት። ፌዴራል ሪዘርቭ (የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ) በ2003 ወለዱን 1 በመቶ አውርዶት ነበር፣ በ2006 አጋማሽ 5.25 አደረሰው። በዛ መሃል የተሰጠው ሰብፕራይም ብድር (የብድር ታሪኩ ደካማ ለሆነ ሰው የሚሰጠው) ብዙው የመጀመሪያዎቹን 2 አመታት ወለዱ ቋሚ ነው፣ ከዛ በኋላ እንደ ገበያው ይቀያየራል። በ2005 የፈረመ ሰው በ2007 ክፍያው ሲዘልበት ሪፋይናንስ አደርጋለሁ (ብድሩን በአዲስ ብድር እተካለሁ) ብሎ ነው የገባበት፣ ሪፋይናንስ የሚሆንለት ግን የቤቱ ዋጋ ከጨመረ ብቻ ነው፣ ዋጋው ደግሞ ከ2006 ጀምሮ ቁልቁል ነው፣ በ2009 ግማሽ ያህሉ ጠፍቷል። በዛ ላይ በ2008 ሐምሌ ቤንዚን በጋሎን ከ4 ዶላር በላይ ነበር፣ ይሄ ከሥራው አጠገብ ለሚኖር ሰው የሚያናድድ ነገር ነው፣ በቀን መቶ ማይል ለሚነዳ ሰው ግን ሌላ ሞርጌጅ ማለት ነው። ለዚህ ነው ፎርክሎዠሩ (ባንክ ያልተከፈለበትን ቤት መውሰዱ) እዛ እንደዛ የበዛው።

የታክስ_ሰው፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን የከተማ አስተዳደሮቹ ጉዳይ ተዘለለ፣ እኔ ዋናው እሱ ይመስለኛል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1978 የጸደቀ ፕሮፖዚሽን 13 የሚባል ሕግ አለ፣ የንብረት ታክሱ ቤቱ በተገዛበት ዋጋ 1 በመቶ ላይ ይታሰራል፣ የሚታሰብበት ዋጋም በአመት ከ2 በመቶ በላይ አይጨምርም። እና አስቡት፣ በአሮጌ ከተማ ውስጥ በ1980 ቤት የገዛ ሰው ታክሱ የሚሰላው ከገበያው በጣም ዝቅ ባለ ዋጋ ነው፣ ገበያው ቢወድቅም የከተማው ገቢ ብዙም አይነካም። አዲሱ ሰፈር ግን ሁሉም ሰው በ2004ና በ2006 መሃል በጣሪያ ዋጋ የገዛ ነው፣ የገበያ ዋጋው ከዛ በታች ሲወርድ ታክሱም አብሮ እንዲወርድ ሕጉ ይፈቅዳል። ስለዚህ ገቢው የሚፈርሰው ሰው ይበልጥ እርዳታ በሚፈልግበት ሰአት ነው። ሰው መኪና መግዛት ሲያቆም ደግሞ የሽያጭ ታክሱም ይሄዳል። ወጪው፣ የፖሊሱና የእሳት አደጋው ደመወዝ፣ ጡረታው፣ ባለበት ነው። የሳን በርናርዲኖ ከተማ በነሐሴ 2012 ባንክራፕሲ (ዕዳ መክፈል አቅቶኛል ብሎ ፍርድ ቤት መግባት) ገብታ እስከ 2017 ድረስ አልወጣችም።

ዌርሃውስ_ሠራተኛ፦
ስለ ማገገሙ ማንም አላነሳምና እኔ ልጨምር። ከ2012 አካባቢ ጀምሮ "ተመለሰ" መባል ተጀመረ፣ የሥራ አጥነት ቁጥሩ እውነትም ወርዷል፣ ያነሳው ሎጂስቲክስ (እቃ ማጓጓዝና ማከማቸት) ነው፣ የሎስ አንጀለስና የሎንግ ቢች ወደቦች እቃ በትራክና በባቡር ወደዛ ይመጣል፣ ሰፊ መሬት ስላለ ዌርሃውሱ (የእቃ መጋዘኑ) እዛ ይሠራል። እኔም እዛ አካባቢ ዌርሃውስ ሠርቻለሁ፣ በኤጀንሲ በኩል ነው፣ ነገ ሥራ ይኑር አይኑር የምታውቀው ማታ በቴክስት ነው። ድሮ ኮንስትራክሽን ላይ ጥሩ ይከፈላቸው የነበሩ ሰዎች አብረውኝ ካርቶን ያነሱ ነበር። ሥራ አላቸው፣ በስታቲስቲክሱ ሥራ አጥ አይደሉም፣ ግን የድሮ ኑሯቸው አልተመለሰም። የትራኩ ጭስ ደግሞ አለ፣ ከዌርሃውሱ አጥር ማዶ ትምህርት ቤት ያለበት ቦታ አለ በእውነት ያሳዝናል።

ቤቶቹስ ማን ገዛቸው? ዋጋው መሬት በነካበት ጊዜ ክሬዲቱ (የብድር ታሪኩ) የተበላሸበት ሰው መግዛት አይችልም፣ የገዙት ጥሬ ብር የያዙ ኢንቨስተሮች ናቸው፣ ብላክስቶን የሚባለው ትልቅ የኢንቨስትመንት ኩባንያ በ2012 ያቋቋመው ኢንቪቴሽን ሆምስ አንዱ ነው፣ እያደሱ አከራዩዋቸው። ዋጋው ሲመለስ ትርፉ የነሱ ሆነ። ስለዚህ "አካባቢው አገገመ" ሲባል ቤቱ ነው ሰውየው ነው ብላችሁ ጠይቁ።

ዳርቻ_ተመልካች፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ የፕሮፖዚሽን 13ቱን በፍጹም አላሰብኩትም ነበር። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ሌላ እያደገ ያለ ሰበርብ (የከተማ ዳር ሰፈር) ባይ እንደዚህ አይነት መሆን አለመሆኑን ቀድሜ በምን ልለይ?

ሞርጌጅ_ነገር፦
ሁለት ነገር እይ። አንደኛ ከአካባቢው ሥራ ውስጥ ኮንስትራክሽን፣ ሪልስቴትና ብድር ምን ያህሉን እንደያዙ፣ ድርሻቸው ከአመት አመት እየሰፋ ከሆነ እድገቱ የሚኖረው በራሱ እድገት ነው። ሁለተኛ ጠዋት ስንት ሰው ለሥራ እንደሚወጣና ስንት እንደሚገባ። ለአሜሪካ ከሆነ የሴንሰስ ቢሮው ኦንዘማፕ የሚባል ነፃ ገጽ አለው፣ ከተማውን መርጠህ የሚወጣውን፣ የሚገባውንና እዛው የሚሠራውን ለየብቻ ያሳይሃል፣ የተለያዩ አመታትን እያወዳደርክ እይበት።