ሞተሬ ቤንዚን እንደ ውሃ እየጠጣች ነው፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች። ጎንደር ነኝ። በአንዲት 150 ሲሲ ሞተር ከአዘዞ ፒያሳ እመላለሳለሁ። ድሮ በ1 ሊትር 45 ኪሎ ሜትር ትሄድልኝ ነበር። አሁን 34 ካገኘሁ ተመስገን ነው። በግምት አይደለም። ሙሉ አስሞልቼ፣ ኪሎ ሜትሯን ጽፌ፣ እንደገና እያስሞላሁ ሦስት ጊዜ ለክቻለሁ።

መካኒኩ «ቤንዚኑ ኢታኖል (አልኮል) ተቀላቅሎበት ነው» ብሎ ተገላገለኝ። እኔ ግን ሒሳቡ አልገባኝም። ኢታኖል በሊትር የሚሰጠው ኃይል ከቤንዚን በሲሶ ገደማ ነው የሚያንሰው። 10 በመቶ ቢቀላቀል እንኳ ኪሳራው 3 በመቶ ቢሆን ነው። የእኔ ሩብ ሊሞላ ምን ቀረው?

ደግሞ ሞከርኩት። በመርፌ ቱቦ 10 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ላይ 2 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሬ በደንብ ነቀነቅሁ። ኢታኖል ቢኖርበት ወደ ውሃው ገብቶ የታችኛው ክፍል ከፍ ይል ነበር። ውሃው ግን እዚያው 2 ላይ ቀረ። (ባለቤቴ «ሐኪም ሆንክ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።)

ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ስፈታው በጥቁር ጥላሸት ተሸፍኗል። ማርሚታውም (የጭስ ማውጫው) እንደዚያው። ኢታኖል ኦክስጅን ስላለው የአየርና የቤንዚን ቅልቅሉን ያሳሳል እንጂ እንዲህ አያጠቁርም ብዬ አሰብኩ። የአየር ማጣሪያው ንጹህ ነው፣ ጎማም ተነፍቷል፣ ፍሬንም አልያዘም።

አሁን ጥርጣሬዬ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ላይ ነው። ችግሩ የጀመረው መካኒኩ ካጠበው በኋላ ነዋ! ቤንዚን የምታሳልፈዋን ባለቀዳዳ ብሎን በሰፊ ቀይሯት ይሆን? ወይስ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን ሲሞላ መግቢያውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ በትክክል አልዘጋ ብሎ ነው? ከተማችን ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ትንሽ ቤንዚን ቢበዛም ወዲያው ያጠቁራል። እንዲህ የገጠመው ካለ መጀመሪያ የቱን ልፍታ?