ለዓመት ንባብ የሚሆን ረጅም ልብ ወለድ ብትጠቁሙኝ

ጠያቂ፣ ከቱሉ ዲምቱ፦ ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን ዘመን ያልሻራቸውን ረጃጅም ልብ ወለዶች ላነብ ወስኛለሁ። ጠዋትና ማታ በአውቶቡስ ስለምመላለስ ጊዜው አለኝ። የትኛውን ላስቀድም?

ከሰበታ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያስቀድሙ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ይህን የሐዲስ ዓለማየሁ ሥራ ብዙዎቻችን በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ስለሰማነው ያነበብነው ይመስለናል። ጉዱ ካሳ የሚናገረውን ግን ቆም ብሎ፣ መልሶ መላልሶ ማንበብ ሌላ ነገር ነው።

ከለገጣፎ፦ የትኛውንም ቢመርጡ ገጹን ቆጥረው ይግዙ። አምና ከአንድ መደብር የገዛሁት ልብ ወለድ፣ ታሪኩ ልብ በሚሰቅልበት ቦታ ከገጽ 304 ወደ 321 ዘለለብኝ። ይዤ ብመለስ ሻጩ «አንዴ ተነቧል» ብሎ አልቀበልም አለኝ።

ከቡራዩ፦ እኔም ቀለሙ የደበዘዘ፣ መስመሩ የተቆረጠ ቅጂ ደርሶኛል። ለመጽሐፍ ገንዘቡን ቆጥቦ የሚያወጣ ሰው እንዲህ ሊደረግ አይገባም።

ከገላን፦ እኔ ከአንድ አዟሪ ደንበኛዬ በቀር ከማንም አልገዛም፤ የሌላውን ዋጋ ጠይቄም አላውቅ። እሱ ሙሉ ነው ካለ ሙሉ ነው።

ከሰበታ፦ እህት ወንድሞቼ፣ የተጠየቅነው የሚነበበውን እንጂ የሚገዛበትን አልነበረም።

ከአያት፦ እንግሊዝኛ የማይከብድዎት ከሆነ የቶልስቶይን «ጦርነትና ሰላም» እመክራለሁ። ምዕራፎቹ አጫጭር ሲሆኑ ቁጥራቸው 361 ነው፤ በቀን አንድ ቢያነቡ 12ቱ ወር 360ውን ይጨርሳል፣ የመጨረሻዋ ጳጉሜን 1 ላይ ትውላለች። በአማርኛ ከሆነ ደግሞ «ነገም ሌላ ቀን ነው» አለ፤ ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚቼልን ያን የሚያህል ልብ ወለድ በደርግ ዘመን እስር ቤት ሳለ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ የተረጎመው ነው። ያንን እያሰብኩ ሳነበው አንዱንም ገጽ ልዘል አልደፈርኩም።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ሁሉንም መዝግቤያለሁ። የለገጣፎው ወንድሜ፣ የጎደሉትን ገጾች አገኟቸው?

ከለገጣፎ፦ አዎ። አንዲት ጎረቤቴ የራሷን ቅጂ አውሳኝ 16ቱን ገጽ በእጄ ገልብጬ ከመጽሐፉ ጋር ሰፋኋቸው። አሁን ሙሉ ስለሆነ፣ ከፈለጉት አውስዎታለሁ።