ክርክር፦ ስለ ሆስፒስ ቀድሞ መስማት ያለበት ማን ነው፣ ታማሚው ወይስ ቤተሰቡ?

መነሻ፦ ካንሰሩ እንደማይድን ታውቋል፤ የቀረው ሆስፒስ ነው፤ ማለትም በሕይወት መጨረሻ ስቃይን ማስታገስና ማስታመም። ልጆቹ ሐኪሙን በር ላይ ይዘው «እንዳይነግሩት፣ ተስፋ ይቆርጣል» ይላሉ። ምን ይደረግ?

የቤት ለቤት ነርስ፦ እኔ ቤተሰብ ይቅደም ባይ ነኝ። ሌሊት የሚያገላብጠው፣ መድኃኒት የሚሰጠው ቤተሰቡ ነው። ሳይዘጋጁ ከተሸኙ ትንፋሹ ያጠረ ዕለት ደንግጠው ድንገተኛ ክፍል ይመልሱታል፤ እዚያ ያልፈለገው ቱቦ ይገባለታል።

የማስታገሻ ሕክምና ሐኪም፦ አስታማሚን ማዘጋጀት ሌላ፣ ከታማሚው መደበቅ ሌላ። የመጀመሪያው ጥያቄ ለራሱ ነው፦ «ስለ ሕመምዎ እስካሁን ምን ተረድተዋል? ዝርዝሩን ለእርስዎ ልንገር ወይስ እርስዎ ለመረጡት ሰው?» «ለልጄ ንገሩ» ካለ መብቱ ነው፣ ይከበርለት። ልጆቹን ደግሞ «ቢያውቅ ምን ይመጣል ብላችሁ ነው የፈራችሁት?» በሏቸው። ከዚያ አቋማችሁን በግልጽ አስታውቁ፦ ካልጠየቀኝ አልጭንበትም፣ ከጠየቀኝ አልዋሸውም። «ከእንግዲህ የምናደርገው የለም» የሚለውን ግን እባካችሁ ተዉት። ሐሰት ነው።

ፋርማሲስት፦ ሐሰትነቱ በሞርፊን፣ በኃይለኛው የሕመም ማስታገሻ፣ ይታያል። ቤተሰብ «ሞርፊን ከተጀመረማ አበቃለት» ብሎ ጠርሙሱን ይደብቃል። አሠራሩን አስረዷቸው። ይህን ዓይነት መድኃኒት ወስዶ ለማያውቅ አዋቂ የተለመደው መነሻ በአፍ ከ2.5 እስከ 5 ሚሊግራም በየ4 ሰዓቱ ነው፤ ለአረጋዊና ኩላሊቱ ለደከመ መጠኑ ይቀንሳል፣ ሰዓቱም ይራራቃል። ሕመሙ በመሃል ካገረሸ የቀኑ ድምር አንድ ስድስተኛ ያህል ይጨመራል፤ በቀን 30 ሚሊግራም ለሚወስድ 5 ሚሊግራም ማለት ነው። የሆድ ማለስለሻ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይታዘዝ። ማቅለሽለሹ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይተዋል፣ ድርቀቱ ግን አይለቅም፤ መድኃኒቱን የሚያስጥለውም እሱ ነው።

ማኅበራዊ ሠራተኛ፦ ሆስፒስ ዕድሜ ያረዝማል ብንላቸውስ? በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የሳንባ ካንሰር ጥናት አለ አይደል?

ሐኪም፦ እንዲያ አትበሏቸው። ጥናቱ ያየው ሆስፒስን ሳይሆን ከካንሰር ሕክምናው ጎን ለጎን ቀደም ብሎ የተጀመረ የማስታገሻ ሕክምናን ነው። ይህን ያገኙት የኖሩበት የመሃል ዕድሜ (ግማሾቹ ከዚያ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚያ በታች የኖሩበት) 11.6 ወር ሆነ፣ የተለመደውን የካንሰር ሕክምና ብቻ ባገኙት ወገን 8.9 ወር። ለአንድ ሰው ቃል የሚገባበት ቁጥር አይደለም፤ ንግግሩን በጊዜ ለመጀመር ግን በቂ ምክንያት ነው።

ነርስ፦ መንገሩን ተቀብያለሁ ዶክተር። ቤተሰቡ ግን በዚያው ሰዓት አብሮ ይቀመጥ፣ በማግስቱ አይሁን። ምግብ የጠላው ሕመሙ ስለገፋ እንደሆነ ይነገራቸው፤ መዋጥ ያቃተውን በግድ ካጎረሱት ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባል። በእርጥብ ስፖንጅ ከንፈሩን እንዴት እንደሚያርሱ በእጃቸው ይሞክሩት። ሌሊት የሚደወልበት ቁጥርም ከመድኃኒቱ አጠገብ ይለጠፍ።