በሁዳዴ እየሮጥኩ ጉልበቴ አስቸገረኝ፤ ግሉኮሳሚን ልግዛ?

የጠባሴው፦ ሰላም ወገኖች። ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፤ 45 ዓመቴ ነው። ክብደቴ 88 ኪሎ ሲገባ ጠዋት ጠዋት አስፋልት ላይ መሮጥ ጀመርኩ። አሁን ደረጃ ስወርድ ጉልበቴን ያመኛል። አላበጠም። ጓደኛዬ ለመገጣጠሚያ ይጠቅማሉ ተብለው የሚሸጡትን ግሉኮሳሚንና ኮላጅን ግዛ ይለኛል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። እስከ 9 ሰዓት ነው የምጾመው። ምን ልብላ? ምን ልጠጣ?

እትዬ ከአንኮበር፦ ወንድሜ፣ ብርድ ገብቶብህ ነው። ጉልበትህን በጋቢ ሸፍን፣ ተልባም ጠጣ።

ቀልደኛው፦ ኧረ እትዬ፣ በኛ አገር መድኃኒቱ አረቄ ነው!

ፋርማሲስቷ፦ አረቄውን ተወው፤ ሪህ ያለበትን ሰው ጭራሽ ያስነሳበታል። እትዬ፣ ሙቀቱ ሕመም ያስታግሳል፣ ተልባውም ጥሩ ምግብ ነው። ጉልበት ግን አያድኑም።

ወደ ግሉኮሳሚኑ ልምጣ። በ2006 (በፈረንጆቹ) አሜሪካ ውስጥ ጉልበታቸውን በሚያማቸው ከ1,500 በላይ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። በጥቅሉ ሲታይ መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ክኒን የተሻለ አልሆነም። ደግሞ ብዙው የሚሠራው ከሸርጣንና ከሽሪምፕ ቅርፊት ነው። ኮላጅን ደግሞ ከከብት ወይም ከዓሣ ቆዳና አጥንት ይወጣል፤ ለጾመኛ አይሆንም። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ከሆነ ግሉኮሳሚን ሐኪም ሳታማክር እንዳትነካ። እኔ ብሆን ብሩን ለምስር አውለው ነበር።

አሰልጣኙ፦ እኔም በምስሩ እስማማለሁ። ደረቅ ምስር በ100 ግራም ወደ 25 ግራም ፕሮቲን አለው፤ ሽምብራም ብዙ አያንስም። በሶ ጉልበት ይሰጣል፣ በፕሮቲን ግን ብቻውን አያዛልቅም። ከፆሙ በኋላ ምስር ወጥ ወይም ሽሮ ጠገብ አድርገህ ብላ፤ ማታ ሽምብራ ቆሎ ድገም። ጭኑ ሲጠነክር ጉልበቱ ያርፋል፤ ፕሮቲኑም የሚፈለገው ለዚሁ ነው። ስለዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ እያልክ ጭንህን አሠራ። ክብደትም ቀስ እያልክ ቀንስ፤ 1 ኪሎ ስትቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበትህ ላይ የሚያርፈው ጫና በ4 ኪሎ ገደማ ይቀልላል።

ውሃን በተመለከተ ደብረ ብርሃን ያታልላል። ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ብርዱ ጥም ያስረሳል። በትንፋሽ ብቻ ብዙ ውሃ ይወጣል። ሽንትህ እንደ ጠላ ከጠቆረ ውሃ አጥሮሃል። ጠዋት ሮጠህ እስከ 9 ሰዓት ጠብታ ሳትቀምስ መዋል ደግሞ ራስን መቅጣት ነው። ሩጫውን ወደ 8 ሰዓት አዙረው፤ እንደጨረስክ ትጠጣለህ፣ ትበላለህ። አስፋልቱን ትተህ ሜዳ ላይ ሩጥ። ሕመሙ እስኪለቅህ እርምጃ ይበቃሃል።

ፋርማሲስቷ፦ ጉልበቱ ካበጠ፣ ከተቆለፈ ወይም ሌሊት እንቅልፍ ከነሳህ ግን ሐኪም ቤት ሂድ።

የጠባሴው፦ እግዜር ይስጥልኝ። 8 ሰዓት ላይ ግን ሥራ ላይ ነኝ። ማታስ?

አሰልጣኙ፦ እንደውም ይሻላል። 9 ሰዓት ላይ ብላ፣ ውሃ በየመሀሉ ፉት በል፣ 12 ሰዓት ሲል ውጣ። ጃኬት ብቻ አትርሳ።