85 ሲሲ ቱ ስትሮክ ሞተር ከሚኒሞ ጋዝ ሲሰጠው ይታፈናል፤ ካርቡሬተሩን እንዴት ላስተካክል?

ጭቃ_በጭቃ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሞተሩ 85 ሲሲ ቱ ስትሮክ የጭቃ ሞተር ነው፤ ካርቡሬተሩ ኬሂን ፒደብልዩኬ 28። አሁን የገባበት ይሄ ነው፦ የሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው የሚሠራበት) ጂግለር (ቤንዚን የሚመጥን ባለ ቀዳዳ ነሐስ) 48፣ ዋናው ጂግለር 130፣ የመርፌው ክሊፕ ከላይ 3ኛው መስመር ላይ፣ የአየር ብሎኑ ከተዘጋበት 3 ዙር ወጥቷል። የዘይት ድብልቅ 20 ለ 1።

ሚኒሞ ላይ አይጠፋም። ጋዝ ድንገት ስሰጠው ግን ይታፈንና ይንተባተባል፤ ጥቂት ቆይቶ ነው የሚነሳው። አንዴ ከተነሳ ከላይ በደንብ ይጎትታል። ካንዴላው ሲፈታ ጥቁርና እርጥብ ነው፤ ከማርሚታው ጫፍም ጥቁር ዘይት ይንጠባጠባል። የአየር ብሎኑን ባወጣሁት ቁጥር ትንሽ ስለሚሻለው ነው 3 ዙር የደረሰው።

ሁለት ምክር ተሰጥቶኛል። አንዱ ዋናውን ጂግለር ወደ 135 አሳድገው፣ ሌላው ካንዴላውን በሞቃት ቀይረው የሚል። የቱን ልከተል?

አየርና_ቤንዚን፦

ሁለቱንም ተዋቸው። ዋናው ጂግለር ሥራው ጋዙ ከሦስት አራተኛ በላይ ሲከፈት ነው። ያንተ ሞተር የሚታፈነው ገና ጋዝ መስጠት ስትጀምር ስለሆነ 135 ብታስገባ እዚያ ቦታ ላይ ምንም አይፈይድልህም፤ እንዲያውም አሁን ደህና የሆነውን የላይኛውን ታበላሸዋለህ። ሞቃት ካንዴላ ደግሞ ጥቀርሻውን ለጊዜው ያቃጥልልሃል እንጂ ትርፉን ቤንዚን አይቀንስም። ከዚያ በላይ ደግሞ ሙሉ ጋዝ ላይ ረጅም ስትነዳ ጫፉ ከመጠን በላይ ግሎ ፒስተን ሊበሳ ይችላል።

ካርቡሬተር ስታስተካክል የሞተሩን ዙር እርሳው፤ የሚቆጠረው ጋዙ ምን ያህል እንደተከፈተ ነው። ከዝግ እስከ አንድ ስምንተኛ የሚኒሞ ጂግለሩና የአየር ብሎኑ ያዝዛሉ። ከዚያ እስከ ሩብ የስላይዱ (ጋዝ ስትሰጥ የሚነሳው የካርቡሬተሩ በር) ቁርጥ ይገባበታል፤ እሱን አትንካው፣ በፋብሪካ የመጣው ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ስላይዱ ላይ የተንጠለጠለው መርፌ ነው፤ ከዚያ በላይ ዋናው ጂግለር። ድንበራቸው ግድግዳ አይደለም፣ አንዱ በሌላው ላይ ይደርባል። እጀታው ላይና የእጀታው ቤት ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈህ ዝግ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛና ሙሉ ብለህ ምልክት አድርግ። ያለዚህ ምልክት «መሀል ላይ ይንተባተባል» የሚለው ወሬ ለማንም አይጠቅምም፤ ሰው ግማሽ የመሰለውን ስትለካው ብዙ ጊዜ ሩብ ሆኖ ነው የምታገኘው።

ያንተ ነዳጅ የበዛበት ነው። ነዳጅ ሲያንሰው ድምፁ ዝም ይላል፣ ባዶ «ቡዋ» ይልና ሊጠፋ ይደርሳል። ሲበዛበት ግን ድምፁ ይቆራረጣል፣ ጎርነን ብሎ ይፈነጣጠራል፣ ጭስ ይኖራል። ጥርጣሬ ካለህ በቾክ ፈትነው፦ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ቾኩን ትንሽ ከፍተህ ያንኑ ጋዝ ስጠው። ከተሻለው ነዳጅ አንሶታል፤ ከባሰበት በዝቶበታል።

የአየር ብሎንህ ራሱ መልሱን ነግሮሃል። ፒደብልዩኬ ላይ ብሎኑ በአየር ማጣሪያው በኩል ስለሆነ አየር ነው የሚለካው፤ ስታወጣው ነዳጅ ይቀንሳል፣ ስታስገባው ይጨምራል። ብሎናቸው ከስላይዱ ወደ ሞተሩ በኩል የሆነ ካርቡሬተሮች አሉ፤ እነሱ ቤንዚን ስለሚለኩ ነገሩ ይገለበጣል። ጤነኛው ቦታ ከ1 እስከ 2.5 ዙር ነው። ከ2.5 በላይ አውጥተህም እየተሻለው ከሄደ የሚኒሞ ጂግለሩ ትልቅ ነው ማለት ነው። 48ን አውጥተህ 45 አስገባ። በተቃራኒው ከ1 ዙር በታች ቢፈልግ ኖሮ ጂግለሩ ትንሽ ነው እንል ነበር።

45ቱ ከገባ በኋላ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ሞተሩን ነድተህ በደንብ አሙቀው፤ ቆሞ በሚኒሞ መሞቅ አይበቃም። የአየር ብሎኑን እስኪነካ ድረስ በቀስታ ዝጋ፤ አታጥብቀው፣ ጫፉ ቀጭን ስለሆነ መቀመጫውን ያበላሻል። 1.5 ዙር አውጣ። የሚኒሞ ብሎኑን ትንሽ ከፍ አድርግና የአየር ብሎኑን በሩብ ሩብ ዙር እያወጣህና እያስገባህ ሞተሩ በጣም የሚፈጥንበትን ቦታ ፈልግ። በየሩቡ አሥር ሰከንድ ያህል ጠብቅ፣ ቶሎ አይመልስም። ቦታውን ስታገኘው ሚኒሞውን ወደ ልኩ አውርደህ ፍለጋውን አንዴ ድገም፤ ሚኒሞው ሲወርድ ቦታው ትንሽ ይንቀሳቀሳልና። መጨረሻ ላይ ብሎኑን አንድ ስምንተኛ ዙር አስገባው፤ ድንገት ጋዝ ስትሰጠው ለመነሳት ትንሽ ተጨማሪ ቤንዚን ይፈልጋል።

መርፌ_ቤት፦

አየርና_ቤንዚን ያለው ልክ ነው፤ ግን ጂግለር ከመግዛትህ በፊት ሌላ ቦታ ቤንዚን እየፈሰሰ እንዳልሆነ አረጋግጥ። አለበለዚያ ብልሽትን በጂግለር ትሸፍናለህ፣ ብልሽቱ ሲጠገን ደግሞ ሞተሩ ነዳጅ ያንሰዋል።

አንደኛ የአየር ማጣሪያው። ስፖንጁ በአቧራ ከተደፈነ ወይም ዘይት በዝቶበት የሚንጠባጠብ ከሆነ ሁሉም ቦታ ላይ ነዳጅ ይበዛበታል። አጥበህ፣ አድርቀህ፣ የማጣሪያ ዘይት ቀብተህ ትርፉን ጭመቀው። ያለ ማጣሪያ መሞከር የሚባለው ነገር አይሠራም፣ የምታገኘው ልክ ማጣሪያው ሲመለስ ይጠፋል።

ሁለተኛ ቾኩ። የቾኩ ፒስተን ጫፍ ላይ ያለው ጎማ ከተበላ ወይም ከደረቀ ቾኩን ብትዘጋውም ቤንዚን ያሳልፋል። ያንተ ዓይነት ምልክት ነው የሚሰጠው፣ ከታች በጣም ይበዛል፣ ከላይ ግን ብዙም አይታወቅም። ፈተህ ጎማውን እየው፤ የቀለበት ጎድጓድ ከሠራ ይቀየራል።

ሦስተኛ በካርቡሬተሩ ሥር ባለው ቋት ውስጥ ያለው የቤንዚን ከፍታ። ሞተሩ ጠፍቶ ቤንዚኑን ክፈትና የትርፍ ቱቦውን ተመልከት። ከተንጠባጠበ ቋቱ ሲሞላ የቤንዚን መግቢያውን የሚዘጋው የተንሳፋፊው መርፌ አልዘጋም፤ ጫፉ ላይ የተበላ ቀለበት አለ ወይም ቆሻሻ ገብቶበታል። ባይንጠባጠብም ከፍታው ልክ ላይሆን ይችላል። ካርቡሬተሩን ስትለካ ሙሉ በሙሉ አትገልብጠው፣ የመርፌዋ ሞላ በተንሳፋፊው ክብደት ተጨፍልቃ የሐሰት ልክ ትሰጥሃለች። ጎን አድርገህ ያዘው፤ የተንሳፋፊው ምላስ የመርፌዋን ሞላ ሳይጫን ልክ ሲነካት አቁመህ ለካ፣ ቁጥሩን ከሞተሩ መመሪያ ውሰድ።

አራተኛ፣ ብዙ ሰው የማያስበው፣ ጂግለሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሊዋሽ ይችላል። 48 የሚለው ቀዳዳው 0.48 ሚሊሜትር ገደማ ማለት ነው። ሲደፈን በብረት ሽቦ የሚወጉት አሉ፤ ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ቁጥሩ ግን 48 እንዳለ ይቀራል። ወደ ብርሃን አድርገህ እየው፦ ቀዳዳው ክብና ጠርዙ ንጹህ ካልሆነ ጣለው። ጂግለር የሚጸዳው በካርቡሬተር ማጽጃና በኮምፕሬሰር አየር ነው።

ስትፈታው ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ቤንዚኑን ዝጋ፣ የቋቱን ዕቃ ላይ አፍስስ። ለሚኒሞ ጂግለሩ አፉ ልክ የሚገጥም ካቻቪቴ ተጠቀም፤ ጥርሱ አንዴ ከተላጠ መውጣቱ መከራ ነው።

ጭቃ_በጭቃ፦

በጣም አመሰግናለሁ። ማጣሪያው ታጠበ፤ የትርፍ ቱቦው አይንጠባጠብም፣ የቋቱም ከፍታ መመሪያው ያለው ነው። የቾኩ ጎማ ደህና ነው። 45 ገብቶ የአየር ብሎኑ 1¾ ዙር ላይ ነው የወደደው። ከሚኒሞ ሲነሳ አሁን መታፈኑ ጠፍቷል።

በፕላስተሩ ምልክት ሳየው ግን ከሩብ ትንሽ አለፍ ብሎ እስከ ግማሽ ድረስ፣ ጋዙን አንድ ቦታ ይዤ ስነዳ ይቆራረጣል። ክሊፑን ወደየት ነው የማንቀሳቅሰው? ሌላም ጥያቄ አለኝ፦ ዘይቱን ከ20 ለ 1 ወደ 40 ለ 1 ባወርደው ካንዴላው ይነጻል?

አየርና_ቤንዚን፦

ክሊፑን አንድ መስመር ወደ ላይ፣ ማለትም ከ3ኛው ወደ 2ኛው። ክሊፑ ሲወጣ መርፌው ይወርዳል፣ ሾጣጣው ክፍል ቀዳዳውን የበለጠ ይሞላዋል፣ ቤንዚን ይቀንሳል። ክሊፑን ወደ ታች ማድረግ የዚህ ተቃራኒ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ መስመር ብቻ፤ ሌላ ነገር አብረህ አትንካ። ስላይዱን ስትመልስ ቁርጡ ወደ አየር ማጣሪያው ይዙር። ጋዙን ዘግተህ ኬብሉ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ልቅ መሆኑን፣ መሪውን ግራና ቀኝ ስታዞር ደግሞ ሚኒሞው የማይጨምር መሆኑን ሳታረጋግጥ አታስነሳ። ስላይድ ተሰክቶ ቀርቶ ጋዝ የማይመልስ ሞተር ቀልድ አይደለም።

ዋናውን ጂግለር የምታየው ከዚህ በኋላ ነው። አዲስ ካንዴላ ግጠም፣ ሞተሩ ሞቆ በሰፊ ሜዳ ላይ በከፍተኛ ማርሽ ሙሉ ጋዝ ይዘህ ጥቂት ሂድ፣ ከዚያ ጋዙን ሳትመልስ ሞተሩን አጥፋና በዚያው ቅጽበት ፍሪሲዮን ያዝ። በሚኒሞ ነድተህ ከተመለስክ የምታነበው የሚኒሞውን ቀለም ነው። የሴራሚኩን ጫፍ ሳይሆን ወደ ውስጥ ጠልቆ ያለውን ሥሩን እይ። እዚያ ቡናማ ቀለበት ካለ ደህና ነው። ነጭ ከሆነና የሚያብለጨልጩ ቅንጣቶች ካሉበት ወዲያው አቁም፤ ቅንጣቶቹ ከፒስተኑ የተነሳ አሉሚኒየም ናቸው። ከ130 ወደ 128 መውረድ የሚታሰበው ሙሉ ጋዝ ላይ የሚቆራረጥ ከሆነ ብቻ ነው። ከላይ ትንሽ ነዳጅ መብዛቱ ካንዴላ ያጠቁራል፤ ማነሱ ግን ፒስተን ያስነክሳል።

መርፌ_ቤት፦

የዘይቱን ጥያቄ ልመልስ። ሰው ዘይት ሲጨምር «ነዳጅ አበዛሁ» ይመስለዋል። ጂግለሩ የሚያሳልፈው የድብልቁን መጠን ነው፤ ዘይቱ ሲበዛ በዚያው ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን ያንሳል። 20 ለ 1 ላይ በአንድ ሊትር ድብልቅ ውስጥ ያለው ቤንዚን 952 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ 40 ለ 1 ላይ 976 ይሆናል። ስለዚህ 40 ለ 1 ስታደርግ ከማርሚታው የሚንጠባጠበው ይቀንሳል፣ ነገር ግን ሞተሩ ትንሽ ተጨማሪ ቤንዚን ያገኛል። ዛሬ ያስተካከልከው ሁሉ በ20 ለ 1 ነውና ዘይቱን ለመቀየር ካሰብክ መጀመሪያ ቀይር፣ ከዚያ ክሊፑንና የአየር ብሎኑን እንደገና ፈልግ። መጠኑ ለ5 ሊትር ቤንዚን 125 ሚሊ ነው፣ በመለኪያ፣ በክዳን አይደለም። ከዚህ በታች ግን የሞተሩ መመሪያና የዘይቱ ጣሳ ካልፈቀዱ አትውረድ።

ማርሚታው ውስጥ የተጠራቀመው ዘይት ወዲያው አያልቅም። ካርቡሬተሩ ከተስተካከለ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ መንጠባጠቡ አይቀርም፤ ያንን አይተህ ጂግለር ማሳነስ አትጀምር። የድምፅ ማፈኛው ጥጥ በዘይት ከራሰ ይቀየር።

ሁለት_ምት፦

አንድ ነገር ልጨምር፣ አልተነሳምና። እስካሁን ቤንዚን ስትቀንስ ቆይተሃል፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ የምትፈራው አየር ስርቆት ነው። ምልክቱ ጋዙን ስትዘጋ ዙሩ ቶሎ የማይወርድ፣ ሚኒሞው ከፍ ብሎ የሚንጠለጠል ነው። በጂግለር አይታከምም። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የካርቡሬተሩን ጎማና የሪድ ቫልቩን (ከካርቡሬተሩ ወደ ሞተሩ ብቻ የሚያሳልፈው ባለ ምላስ በር) ጓርኒሲዮን ዙሪያ ትንሽ በትንሽ በካርቡሬተር ማጽጃ ርጭ፤ ዙሩ ከተለወጠ እዚያ አየር ይገባል። የጋለው ማርሚታ ላይ እንዳይረጭ፣ ይቀጣጠላል። ሁሉም ደህና ሆኖ አሁንም ከተንጠለጠለ የክራንኩ ዘይት መያዣ ጎማ ነው፦ በማግኔቱ በኩል ያለው ሲሄድ አየር ይስባል፣ በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ሲሄድ ደግሞ የማርሽ ዘይት ይስባል፤ የሁለተኛው ምልክት የማይቆም ነጭ ጭስና የሚጎድል የማርሽ ዘይት ነው።

የሪድ ቫልቩን ምላሶችም ወደ ብርሃን አድርገህ እያቸው። ጫፋቸው የተሰበረ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ቤንዚን ወደ ኋላ ይተፋሉ፤ ከታች የሚታፈነውን ሞተር ሁሉ ጂግለር ላይ ማላከክ ልክ አይደለም።

ከፍታና ሙቀትም ይቆጠራሉ። ከፍ ወዳለ ቦታ ስትወጣ ወይም ቀኑ ሲሞቅ አየሩ ይሳሳል፣ በዚያው ጂግለር ነዳጅ ይበዛበታል። 1000 ሜትር ከወጣህ ዋናውን አንድ ወይም ሁለት ቁጥር አሳንሰው፣ ለምሳሌ ከ130 ወደ 128 ወይም 125። ስትወርድ ግን ከመንዳትህ በፊት መልሰው። ከላይ የተስተካከለ ሞተር ቆላ ላይ ሙሉ ጋዝ ቢነዳ ነዳጅ አንሶት ነው የሚሄደው፤ ያወጣኸውን ጂግለር ከመሣሪያ ሳጥኑ አትለየው።