ሌሊት የሚጮኽ አላርም፦ ከቤት ሆኖ በካሜራ ማጣራት ይቻላል?

ባለመጋዘን፦ ገርጂ ትንሽ የቀለም መጋዘን አለችኝ። በዚህ ሳምንት ብቻ አላርሙ ሦስት ሌሊት ጮኸ። ከሰሚት በኮንትራት ታክሲ እየበረርኩ ብመጣ፣ ድመት! ካሜራ ባስገባ ከአልጋዬ ሆኜ ማየት እችላለሁ?

ሽቦ፦ ትችላለህ። የአላርሙ ጠቋሚ (ሴንሰሩ) የሚያነበው የሚንቀሳቀስ ሙቀትን ነው፤ ድመትም ሌባም ለእሱ ያው ነው። ካሜራውን ከአላርሙ ጋር አያይዘው። ከመጮኹ በፊት ያሉትን 10 ሰከንዶች ቪዲዮም ይላክልህ። ስልክህን እስክትከፍት ሌባው ከእይታ ወጥቷል።

የመርካቶዋ፦ መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይሞታል። እኔ ራውተሩንም የካሜራውን መቅጃም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ላይ ሰካሁ። ሌንሱንም ጥረግ ወንድሜ። ሸረሪት ድሯን ካደራችበት ማታ በኢንፍራሬድ (ካሜራው በጨለማ በሚያይበት ብርሃን) መንፈስ ነው የምትመስለው።

ባለመጋዘን፦ ሃሃ። ታዲያ ዘበኛውን ላሰናብተው?

ሽቦ፦ ኧረ ተው! ሌባውን ብታይስ፣ ለማን ልትደውል ነው?